ኖራ ውሃ በማሟያ ውሃ፦ ለኮራል ገንዳ የካልሲየምና የአልካሊኒቲ አጨማመር

ኮራል የያዘ የባሕር ውሃ አኳሪየም በየቀኑ ሁለት ነገር ይጎድልበታል። አንዱ ውሃው ራሱ ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ ስለማይሄድ የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው። ሌላው ኮራሎች አጽማቸውን ለመሥራት የሚወስዱት ካልሲየምና አልካሊኒቲ (በዋናነት በውሃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔትና ካርቦኔት) ነው። በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ካልክዋሰር የሚባለው ኖራ ውሃ ሁለቱንም ጉድለት በአንድ ቱቦ ይሞላል፤ በማሟያው ውሃ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟና በትነቱ መጠን ወደ ገንዳው ይገባል። የባሕር አኳሪየም ባለሙያው ፒተር ቪልከንስ በ1970ዎቹ ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ አዳዲስ መሣሪያና ፈሳሽ ቢመጣም ይህን ዘዴ ከሜዳ ያስወጣው የለም። ዱቄቱ ርካሽ ነው፤ ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ኮራል በሚወስድበት ምጣኔ ይሰጣል፤ ካልሲየሙና አልካሊኒቲው በየጠርሙሱ ተለይተው እንደሚጨመሩበት ሁለት ጠርሙሱ ፈሳሽ ትርፍ ጨው አያስቀርም።

አደገኛ ጎኑም ከዚሁ ቱቦ ይመጣል። የጠገበ፣ ማለትም ከዚያ በላይ ዱቄት የማያሟሟ ኖራ ውሃ ፒኤቹ 12.4 ገደማ ነው። በጠብታ ሲገባ ገንዳውን ያለመልማል፤ ፓምፕ ሳይቆም አድሮ በአንዴ ሲገባ ገንዳውን ይገድላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ስለ መጠን፣ ግማሹ ደግሞ መሣሪያ ሲበላሽ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ስለ ማድረግ ነው።

አንድ ሊትር ምን ይሰጣል?

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1.5 ግራም ያህል ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያሟሟል። ከዚያ በላይ የጨመሩት ከታች ይዘቅጣል እንጂ ውሃውን አያጠነክረውም። ስኳርና ጨው ውሃ ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟሉ፤ ይህ ግን በተቃራኒው ነው፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚሟሟው ይቀንሳል። ሞቅ ባለ ውሃ ከበጠበጡት የሚያገኙት የሳሳ ኖራ ውሃ ነው።

ይህ የጠገበ ኖራ ውሃ በሊትር 800 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። አንድ ሊትሩ 100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሲገባ ካልሲየሙን በ8 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊ ግራም እንደማለት ነው)፣ አልካሊኒቲውን በ1.1 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ ነው) ከፍ ያደርጋል። በዱቄት ለሚያሰላ ደግሞ አንድ ግራም ንጹሕ ዱቄት በ100 ሊትር ውስጥ 0.75 ዲኬኤች እና 5.4 ፒፒኤም ካልሲየም ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ሳምፑ (ከገንዳው ጋር የተያያዘው ተጨማሪ የውሃ ዕቃ) አጠገብ መለጠፍ ይበጃል፤ ሌላው ሁሉ የሚሰላው ከእነሱ ነው።

ጣሪያውን የሚወስነው ትነቱ ነው። ብዙ ገንዳዎች በቀን ከውሃቸው አንድ በመቶ ያህል ያጣሉ። ያ ሁሉ በጠገበ ኖራ ውሃ ቢሞላ የሚገኘው በቀን 1.1 ዲኬኤች ነው። ለስላሳ ኮራል፣ ትልልቅ አፍ ያላቸው አጽማም ኮራሎችና ጥቂት አክሮፖራ (ቅርንጫፍ የሚያወጣ አጽማም ኮራል) ላለበት ገንዳ ይበቃል። በአክሮፖራ ለተሞላና በፍጥነት ለሚያድግ ገንዳ ግን አይበቃም፤ ያኔ ኖራ ውሃው የፍላጎቱን ከፊል ይሸፍንና ቀሪውን ሁለት ጠርሙሱ ፈሳሽ ወይም የካልሲየም ሪአክተር (የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠርን በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሟሟ መሣሪያ) ይሞላል። ሪአክተሩ ፒኤች ስለሚያወርድና ኖራ ውሃ ስለሚያወጣ አብረው ሲሠሩ ይስማማሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ልኬት

የመጀመሪያው የገንዳው እውነተኛ የውሃ መጠን ነው። 250 ሊትር ተብሎ የተሸጠ ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ከገባበት በኋላ 200 ሊትር ብቻ ሊይዝ ይችላል። የሳምፑንም ውሃ ይደምሩ።

ሁለተኛው ትነቱ ነው። የማሟያ ውሃው ዕቃ ላይ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምልክት ያድርጉና የአምስት ቀኑን አማካይ ይውሰዱ። የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም፤ መስኮት የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን ይለያያል። የሚያሳስበው ደግሞ ዝቅተኛው ቀን ነው። አየሩ እርጥበት ባዘለበት ቀን ምን ያህል ይተናል የሚለውን ለይተው ይያዙ።

ሦስተኛው የአልካሊኒቲ ፍጆታው ነው። ምንም ሳይጨምሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ልዩነቱን በቀኖቹ ቁጥር ያካፍሉ። ካልሲየምን ለዚህ መጠቀም አይመከርም፤ የዕለት ፍጆታው ጥቂት ፒፒኤም ብቻ በመሆኑ ከመመርመሪያው ስህተት አይለይም። አልካሊኒቲ ግን ለውጡን ቶሎ ያሳያል።

ምሳሌ እንውሰድ። ገንዳው 200 ሊትር ውሃ አለው፣ በቀን 2.5 ሊትር ይተናል፣ በቀን 0.8 ዲኬኤች ይበላል። አንድ ሊትር የጠገበ ኖራ ውሃ በ200 ሊትር ውስጥ 0.57 ዲኬኤች ይሰጣል፤ 0.8 ለ0.57 ሲካፈል 1.4 ሊትር ይመጣል። ይህ ገንዳ በቀን 1.4 ሊትር የጠገበ ኖራ ውሃና 1.1 ሊትር ተራ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል ማለት ነው። ወይም ደግሞ 2.5 ሊትሩን በሙሉ አሳስቶ መበጥበጥ ይቻላል፤ ለቀኑ የሚያስፈልገው ንጹሕ ዱቄት 2.1 ግራም ስለሆነ በሊትር 0.85 ግራም ይደርሰዋል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የትኛው እንደሚሻል ከታች፣ ስለ ፓምፕ ሲነሳ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ኖራ ውሃ ሁለቱን በእኩል ምጣኔ ስለሚጨምር የተዛባን አያቃናም፣ የተስተካከለውን ይጠብቃል እንጂ። ካልሲየሙ 340፣ አልካሊኒቲው 11 ሆኖ ከጀመሩ ከወር በኋላም ያው መዛባት ይጠብቅዎታል። በመጀመሪያ ጨዋማነቱን በሺህ 35 ላይ ያድርጉ፤ ቀጥሎ ካልሲየሙን በካልሲየም ክሎራይድ ወደ 400–450 ፒፒኤም፣ አልካሊኒቲውን በሶዲየም ባይካርቦኔት ወደ 7–9 ዲኬኤች ያምጡ፤ አልካሊኒቲውን በቀን ከአንድ ዲኬኤች በላይ አያስኬዱት። ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ፒፒኤም ይሁን። ማግኒዥየም ሲያንስ ካልሲየም ካርቦኔት ከውሃው ውስጥ በገዛ እጁ ይዘቅጣል፤ ያኔ የሚጨምሩት ኖራ ኮራሉን ሳይሆን ማሞቂያውንና ፓምፑን ይመግባል። ኖራ ውሃ ማግኒዥየም ስለማይሰጥ በየወሩ አንዴ መለካት አለበት።

የትኛው ዱቄት?

የሚፈለገው የምግብ ደረጃ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በአውሮፓ መለያው ኢ526 ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች አትክልት በጨው ለመጠበቅ የሚያገለግለውን ኖራ በሱፐርማርኬት ያገኙታል። ለአኳሪየም ተብሎ የታሸገውም ዞሮ ዞሮ ይኸው ነው፤ ዋጋው ብቻ ይለያል።

ግድግዳ የሚቀባበት ወይም ለግንባታ የሚሸጠው ኖራ አይሁን። ማግኒዥየም፣ ሸክላና ሌላ ቆሻሻ ይኖረዋል፤ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከረጢቱ ላይ አይጻፍም። ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልጠጣው ኖራ፣ ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፤ ለማያውቀው ሰው እጅና ዓይን አደገኛ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በንጹሕ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየም ክሎራይድ አልካሊኒቲ አይሰጥም። ስማቸው ስለሚቀራረብ መለያውን ሁለቴ ያንብቡ።

ዱቄቱ ክፍት ሆኖ ከቆየ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ውሃ ያርሱና ነጭ አቼቶ ያንጠባጥቡበት። ደህናው በጸጥታ ይሟሟል፤ አረፋ አውጥቶ የሚፈላ ከሆነ አብዛኛው ካርቦኔት ሆኗልና ይጣል። ትልቅ ከረጢት ከገዙ ለወር የሚበቃውን ብቻ በትንሽ ዕቃ አውጥተው የቀረውን አጥብቀው ይዝጉት።

አበጣበጡ

ውሃው የአርኦ/ዲአይ ውሃ (በልዩ ማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት) ይሁን፣ ቲዲኤሱም፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ነገር ሁሉ መጠን፣ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ከኖራው ጋር ገና ዕቃው ውስጥ እያለ ይዘቅጥና ኖራ ውሃውን ያደክመዋል።

ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ማስክ ያድርጉ። ይህ ለወጉ የተባለ አይደለም። የዱቄቱ ብናኝ ሳንባ ያቆስላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እንደ ሌላው ቆሻሻ የሚታሽ ሳይሆን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ዕቃው ክዳን ያለው ፕላስቲክ ይሁን፤ አሉሚኒየም ፈጽሞ አይሆንም። የመጠጥ ውሃ ጠርሙስና ጀሪካን የሚመስል ዕቃ ከሆነ በትልቁ ይጻፉበት፤ የጠለለ ኖራ ውሃ ከመጠጥ ውሃ አይለይም፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ይቆለፍበት።

ለጠገበ ኖራ ውሃ በሊትር 2 ግራም ይመዝኑ፤ ለ20 ሊትር 40 ግራም። ከሚሟሟው ትንሽ ይበልጣል፤ ትርፉ የዱቄቱን ጉድፍ ያካክሳል፣ ውሃው መጥገቡንም ያረጋግጣል። የሻይ ማንኪያ የሚጠቀሙ በሊትር ግማሽ ልሙጥ ማንኪያ ይላሉ፤ ዱቄቱ አንዴ ተጠቅጥቆ፣ አንዴ ተነፍቶ ስለሚሰፈር ግን ርካሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይሻላል። አሳስተው ለሚበጠብጡት ደግሞ ሚዛን የግድ ነው።

ውሃው ቀድሞ ይግባ፣ ዱቄቱ ይከተል፤ በተቃራኒው ከሆነ ዱቄቱ ከታች ይጓጉላል፣ ብናኙም ፊት ላይ ይነሳል። ለአንድ ሁለት ደቂቃ በደንብ ይበጥብጡና ይክደኑ። ከዚያ ጀበና ላይ ቡና እንደሚሰክነው ይስከን። ለጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይቆይ። የሚፈለገው ከላይ የጠለለው ነው። አተላው ያልሟሟ ኖራ፣ ካልሲየም ካርቦኔትና ከዱቄቱ ጋር የመጡ የብረታ ብረት ጉድፎች የሚጠራቀሙበት ነው፤ ወደ ገንዳ መግባት የለበትም። ስለዚህ የመምጠጫው ቱቦ አፍ ከዕቃው ወለል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር።

ላዩ ላይ እንደ ስስ በረዶ የሚጋገረው ነጭ ሽፋን አያስጨንቅ፤ ከአየሩ ጋር የተገናኘው ኖራ ካርቦኔት ሆኖ ነው። እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ከአየር ይጋርደዋል፤ ባይሰብሩት ይሻላል። ኖራ ውሃን የሚያደክመው ክዳን የሌለው ዕቃ፣ የአየር ድንጋይና ሌት ተቀን የሚያማስል ፓምፕ ነው። ውሃው ዘወትር ከአየር ጋር ሲናጥ ኖራው ገንዳ ሳይደርስ እዚያው ዕቃው ውስጥ ይዘቅጣል። በደንብ የተከደነ ግን ለሳምንታት ጉልበቱን ይዞ ይቆያል።

የጠገበ ስለመሆኑ ለሚጠራጠር ጥሩው መሣሪያ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ መለኪያ ነው። የጠገበ ኖራ ውሃ በ25 ዲግሪ 10.3 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ገደማ ያነባል። 8 ካነበበ ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ወርዷል ማለት ነው። ፒኤች መለኪያ ለዚህ አይረባም፤ ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ኖራ ውሃም ፒኤቹ ከ12 በላይ ሆኖ ይታያል።

እንዴት ይግባ?

ያለ መብራት የሚሠራውና ርካሹ መንገድ ጠብታ ነው። ገንዳው ከሚቀመጥበት ከፍ ያለ ዕቃ፣ ቀጭን ቱቦና ማጥበቂያ፤ ሆስፒታል ግሉኮስ የሚሰጥበት ቱቦ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ብዙዎቹ የግሉኮስ ቱቦዎች በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሰጣሉ፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በምሳሌው ገንዳ 1.4 ሊትሩ በ10 ሰዓት ሌሊት ውስጥ እንዲገባ በደቂቃ 47 ጠብታ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ዕቃው እየጎደለ ሲሄድ ጠብታውም እየዘገየ መሄዱና የቱቦው ጫፍ በነጭ ቅርፊት መደፈኑ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ቀላል አይደለም፦ ዕቃው ውስጥ የአንድ ቀን መጠን ብቻ ስላለ ማጥበቂያው ቢላላ እንኳ የሚገባው 1.4 ሊትር ነው። ፒኤቹ ይዘላል፣ ኮራሎቹ ይኮማተራሉ፤ ገንዳው ግን አይሞትም።

በጣም የተለመደውና በጣም ብዙ ገንዳ የፈጀው ሁለተኛው ነው፤ ኖራውን በቀጥታ በትልቁ የማሟያ ዕቃ ውስጥ በጥብጦ በራስ ሰር ማሟያው ፓምፕ መላክ። ሳምፑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ላይ ቀንድ አውጣ ሲወጣበት ወይም ነጭ ቅርፊት ሲይዘው ፓምፑ አይቆምም። 20 ሊትር የጠገበ ኖራ ውሃ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ በደቂቃዎች ሲገባ ለአልካሊኒቲው 11 ዲኬኤች መጨመር ማለት ነው፤ ፒኤቹ ከ9 ያልፋል፣ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 32 ይወርዳል፣ ውሃው ወተት ይመስላል። ከዚህ የሚተርፍ ዓሣ ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ለመሄድ የወሰነ ሰው ቢያንስ አሳስቶ ይበጥብጥ (በሊትር 0.85 ግራሙን ማለት ነው)፤ ዕቃው ከሁለት ቀን ትነት በላይ አይያዝ፤ ከመጀመሪያው ማብሪያ ከፍ ብሎ ሁለተኛ መቁረጫ ማብሪያ ይኑር፤ ፓምፑም በሰዓት ቆጣሪ ታስሮ በየሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ ብቻ መብራት ያግኝ። በተጨማሪም ተራ የውሃ ውስጥ ፓምፕ ኖራ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አይቆይም፤ መዘውሩ ቅርፊት ይይዝና ይጣበቃል።

እኛ የምንመክረው ሥራውን ለሁለት መክፈልን ነው። ኖራ ውሃው በዶዚንግ ፓምፕ፣ ማለትም ቱቦ እየጨመቀ በሚገፋው ዓይነት፣ በሰዓት በተወሰነ መጠን ይግባ። ተራው ንጹሕ ውሃ ደግሞ በራስ ሰር ማሟያው የቀረውን ይሙላ። የዶዚንግ ፓምፑ ውሃው ከፍ አለ ዝቅ አለ ብሎ አይጠይቅም፤ የታዘዘውን 1.4 ሊትር ይሰጣል። ማብሪያው ቢበላሽ የሚፈስሰው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ያም ጨዋማነቱን ስለሚያወርድ ጉዳት ነው፣ ግን የሚቃና ጉዳት። በምሳሌው ገንዳ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ 58 ሚሊ ሊትር ማስገባት በቂ ነው። ፓምፑ ሲገዛ በደቂቃ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ የሚገፋውን ይምረጡ፤ መቆጣጠሪያው ተሳስቶ ሳይቆም ቢያድር እንኳ የሚያስገባው ውስን ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ። በፓምፕ የታዘዘው ከዝቅተኛው ቀን ትነት መብለጥ የለበትም፤ 20 ወይም 30 በመቶ ያህል ክፍተት ይተዉ። ያ ከሌለ እርጥበት ባለበት ሳምንት ውሃው ከሚተነው በላይ ይገባና ጨዋማነቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሳምፑም ይሞላል።

አራተኛው መንገድ ኖራ ማማሰያ የሚባለው ረጅም ሲሊንደር ነው። ዱቄቱ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ንጹሕ ውሃ ከታች ይገባል፣ የጠለለው ከላይ ይወጣል፤ ማግኔት ያለው ማማሰያ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ማማሰሉና ማስገባቱ በተለያየ ሰዓት ይሁን፤ አለበለዚያ አተላው ወደ ገንዳው ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ ዶዚንግ ፓምፑ የሚገፋው ንጹሑን ውሃ ስለሆነ የፓምፑ ቱቦ ኖራ አለመንካቱ ነው። በፍጥነት ከተገፋበት ግን ውሃው ሳይጠግብና ሳይጠልል ይወጣል።

የት ይፍሰስ፣ መቼ ይፍሰስ?

ሳምፑ ውስጥ ውሃው በብርታት በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ ከማሞቂያውና ከመመለሻው ፓምፕ መምጠጫ ራቅ ብሎ። ጠብታው ወዲያው ካልተበተነ በወደቀበት ቦታ ፒኤቹ ዘሎ ካርቦኔት ይዘቅጣል፤ ቀኑ ሙሉ ማሞቂያው ላይ የሚጋገረው እርሱ ነው። ከስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ ከሚያወጣው ማጣሪያ) በፊት ያለው ክፍል ጥሩ ነው፤ ስኪመሩ አየር ስለሚያስገባ ሃይድሮክሳይዱ የሚፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቀርብለታል። የቱቦው ጫፍ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠብ፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ቶሎ ይደፈናል፣ ሲፎን ሆኖ ወደ ኋላም ሊስብ ይችላል። የኖራ ውሃው ዕቃ ከሳምፑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ፓምፑ ጠፍቶም ቢሆን በሲፎን ሊወርድ ይችላልና የፓምፑን ቱቦ አጨማመቅ ይፈትሹ።

ሰዓቱ ሌሊት ነው። መብራቱ ሲጠፋ ፎቶሲንተሲስ ይቆማል፣ ሁሉም ነገር ግን መተንፈሱን አያቆምም፤ ስለዚህ ፒኤቹ ከንጋት በፊት ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ኖራ ውሃው ያን ጉድጓድ ይሞላል። ኤሲ ሌት ተቀን በሚሠራበትና መስኮት በማይከፈትበት የባሕረ ሰላጤው ቤት፣ ወይም በክረምት ተዘግቶ በሚከርም የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አፓርታማ፣ የሰው ትንፋሽ ቤቱ ውስጥ ይጠራቀምና ገንዳው 7.8 ላይ ይውላል። እንዲህ ባለ ቤት ኖራ ውሃ ከሌሎቹ ዘዴዎች ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ባሰሉት ግማሽ ይጀምሩ። በምሳሌው ገንዳ 0.7 ሊትር ማለት ነው። አልካሊኒቲውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፒኤቹን ደግሞ መብራት ከመብራቱ በፊትና ከመጥፋቱ በፊት ይለኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ፒኤቹ ከ8.45 ካላለፈ ወደ ሙሉው መጠን ይውጡ። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው በ10 በመቶ ይሁን፤ ከለወጡ በኋላ ሦስት ቀን ይጠብቁ። በየዕለቱ እየለኩ በየዕለቱ መለወጥ የመመርመሪያውን ስህተት ማሳደድ ነው።

አልካሊኒቲው ሲረጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል። ካልሲየምን በሁለት ሳምንት አንዴ። ኮራሎቹ ሲያድጉ ፍጆታው ይጨምራል፤ ውሃ ሲቀይሩ የጨው ቅልቅሉ አልካሊኒቲ 11 ከሆነና ገንዳው 8 ላይ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል፤ ያን የኖራው ጥፋት አድርገው መጠኑን አይንኩ።

ሲበላሽ

አልካሊኒቲው መጠኑ ሳይቀነስ መውረድ ከጀመረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው። የፓምፑ ቱቦ እየላላ ሲሄድ 58 ሚሊ ሊትር የተባለው 45 ይሆናል፤ በየወሩ በስፍር ሲሊንደር ይለኩት፣ ቱቦውንም አምራቹ ባለው ጊዜ ይቀይሩ። ሁለተኛው ያረጀ ዱቄት ነው። ሦስተኛው የማይታየው መዝቀጥ ነው፤ ማሞቂያው ነጭ ለብሶ፣ አሸዋው ተጣብቆ እንደ ጠጠር ከሆነ ማግኒዥየሙንና የማስገቢያውን ቦታ ይመልከቱ።

ቱቦ ሲደፈን፣ ፓምፕ ሲጣበቅ፣ ማብሪያ ቅርፊት ሲይዝ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ግማሽ ለግማሽ በውሃ የተቀጠነ አቼቶ ውስጥ ለሰዓታት መዘፍዘፍና ማጠብ። ቱቦው ሙሉ በሙሉ እስኪደፈን አይጠብቁ፤ በወር አንድ ቀን ይመድቡለት።

ውሃው በድንገት ነጭ ሆኖ ካገኙት መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ቀጥሎ ፒኤች ይለኩ። ከ8.6 በታች ከሆነ ምንም አይጨምሩ፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ስኪመሩ ይሥራ፣ በሰዓታት ውስጥ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ይወርዳል። 9 የተጠጋ ወይም ያለፈ ከሆነ ምንም ጣዕም የሌለው፣ ጋዝ ብቻ የተሞላ ውሃ ሳምፑ ውስጥ ይጨመራል፤ በ100 ሊትር 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ፒኤቹን በ0.3 ገደማ ያወርዳል። ቀስ ብሎ በመጠን ከፍሎ፣ በየመሐሉ እየለኩ። እንደ አምቦ ያለው ማዕድንና ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ ፒኤቹን ሲያወርዱ አልካሊኒቲውን መልሰው እየጨመሩ ነው። ጋዝ ያለው ውሃ ከሌለ በ100 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አቼቶው ግን ባክቴሪያ ስለሚመግብና ባክቴሪያው ኦክስጅን ስለሚጨርስ የአየር ፓምፕ አብሮ ይግባ።

ነጩ ደመና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይረጋል። በዚህ መሐል አልካሊኒቲውን ለክተው ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ሲዘቅጥ ከጀመረበትም በታች ሊወርድ ይችላል። ደመናው እስኪጠራ ይጠብቁ፣ ከዚያ ለክተው በቀን ከአንድ ዲኬኤች ባልበለጠ ይመልሱት። ጨዋማነቱንም መለካት አይዘንጋ፤ ብዙ ሰው ፒኤቹን ሲያሳድድ ይህን ይረሳል።

አንዳንዶች የኖራ ውሃውን ጉልበት ለመጨመር አቼቶ ይቀላቅሉበታል። በሊትር 12 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ ሲገባ የሚሟሟው ዱቄት ይጨምራል፤ ትነቱ ለማይበቃው ገንዳ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ይህ ገንዳውን ካርቦን መመገብም ስለሆነ ጠንካራ ስኪመር ይፈልጋል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ላይ ለደረሰበት ገንዳ አይመከርም። ተራው ኖራ ውሃ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ሳይዛባ ከሄደ በኋላ ይታሰብበት።

ከቤት ርቀው ሲሄዱ የኖራ ውሃውን ዕቃ አይሙሉት። ለሁለት ቀን ጉዞ የሁለት ቀን ያህል ብቻ ይተዉ፤ ለሳምንት ጉዞ ደግሞ ዶዚንግ ፓምፑን ወደ ግማሽ መጠን ዝቅ አድርገው ገንዳውን የሚጠብቀው ሰው ዕቃውን እንዳይነካ ይንገሩት። ለአንድ ሳምንት ቀስ እያለ የወረደ አልካሊኒቲ ሲመለሱ የሚቃና ነው።